የፉላ ሽሮፕ

መሊካ ዱባይ፣ ሚርዲፍ ሰፈር አንድ ቪላ የተቀጠረችው የአሠሪዋን የማዳምን እናት እንድትንከባከብ ነበር። አዛውንቷ ግራ ጎናቸውን ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ኑሯቸው አልጋና ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኗል። ንግግራቸው ስለተሰባበረ ከሰው ይልቅ ፉላ ከምትባል ነጭ ድመታቸው ጋር ማውራት ይቀላቸዋል። ቤተሰቡ በሙሉ "ማማ" ይላቸዋል፤ መሊካም እንደዚያው ለመደች።

ድመቷን መልመድ ግን ጊዜ ወሰደባት። ባቲ፣ ከብት ነጋዴው አባቷ ቤት፣ ድመት አይጥ ትይዛለች እንጂ ትራስ ላይ አትተኛም። ፉላ ልትታከካት ስትመጣ መሊካ እግሯን ትሰበስብ ነበር። ማማ ይህን ባዩ ቁጥር በደህናው እጃቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቁባታል። ሁለቱ የተግባቡት በዚህ ሳቅ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ፉላ ድዷ ቆስሎ ምግብ እምቢ አለች። ማዳም ሻርጃ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ወስዳ አሳየቻትና ሽሮፕ ይዛ ተመለሰች።

"ጠዋትና ማታ ስጫት። ያላ፣ ሙሽኪላ አልፈልግም፤ ችግር እንዳትፈጥሪብኝ" ብላ ብልቃጡን ለመሊካ ሰጥታት ወጣች።

እንዴት እንደሚሰጥ ማንም አልነገራትም። እሷ የምታውቀው የአባቷን መንገድ ነው። አባቷ የታመመ ወይፈን ሲያክሙ አንገቱን ወደ ሰማይ ያቀኑና መድኃኒቱን በጠርሙስ ወደ ጉሮሮው ያንቆረቁሩ ነበር። መሊካም ወጥ ቤት ወለሉ ላይ ተቀምጣ ፉላን በጉልበቶቿ መሃል አጣበቀቻት፤ አገጯን ወደ ጣሪያው አቀናችና መርፌ በሌለው ስሪንጅ የሞላችውን ሽሮፕ በአንድ ጊዜ ለቀቀችው። ድመቷ ታነቀች። ዓይኗ ፈጠጠ፤ ሽሮፑ በአፍንጫዋ ተመልሶ ወጣ። የመሊካን ክንድ ቧጭራ አመለጠችና ፍሪጁ ኋላ ገብታ ትስል ጀመር።

በማግስቱም ሳሉ አልለቀቃትም። ፉላ አፏን ከፍታ፣ ሆዷ እየተሳበ ነው የምትተነፍሰው። ማማ አልጋቸውን በእጃቸው እየመቱ ስሟን ይጠራሉ። ማዳም ከሥራ ተጠርታ መጣችና ወደ ክሊኒኩ ለመሄድ ተነሱ።

ማዳም ቦርሳዋን ልታመጣ ስትገባ፣ የቤቱ ሹፌር ዘይኑ ወደ መሊካ ዞረ። እሱም የወሎ ልጅ ነው።

"ከተጠየቅሽ የኤሲው ብርድ ነው የመታት በይ።"

"እኔ ነኝ እኮ ዘይኑ። ትላንት ሽሮፑን ስሰጣት ነው የታነቀችው።"

"ገብቶኛል። ግን ዋላሂ፣ ይህን ከሰማች ኤጀንሲ ነው የምትመልስሽ።"

መሊካ መንገዱን ሁሉ ድመቷን በፎጣ አቅፋ ሄደች። በፎጣው ውስጥ የፉላ ደረት ሲንሰፈሰፍ መዳፏ ላይ ይሰማታል።

ሐኪሙ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀ። ማዳም አላውቅም አለች፤ ኤሲው ሳይሆን አይቀርም ብላም ግምቷን የተናገረችው ራሷ ነበረች። መሊካ አንገቷን ደፋች። ነርሷ ፉላን ኦክስጅን ወዳለበት ሳጥን ስታስገባ የመሊካን የተቧጨረ ክንድ አየች።

"ሐበሻ ነሽ አይደል? ቤተል እባላለሁ። ምን ነካሽ?"

በአማርኛ ስትጠየቅ መሊካ መደበቁን ተወች።

"እህቴ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት።"

"አልሞተችም እኮ። ይልቅ ያደረግሽውን ንገሪኝ፤ ምንም ሳታስቀሪ።"

መሊካ ሁሉንም ነገረቻት፤ የአባቷን ጠርሙስም፣ የወይፈኑን አንገትም። ቤተል ወዲያው ለሐኪሙ አስረዳችና የፉላ ደረት በራጅ ታየ። ሽሮፑ ወደ ሳንባዋ ወርዶ ነበር።

"ወይፈንም ቢሆን አንገቱ ያን ያህል ከቀና ይታነቃል" አለቻት ቤተል በለሰለሰ ድምፅ። መሊካን አባቷ መድኃኒት ካጠጡት ማግስት ጀምሮ ሲስል ሰንብቶ የሞተ አንድ ወይፈን ትዝ አላት። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ዓይን በላው ብሎ ነበር።

ማዳም ነገሩን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። "ኸላስ፣ በቃ! ነገ ኤጀንሲ ትሄጃለሽ!"

"ማዳም፣" አለች ቤተል በዓረብኛ፣ "ባትነግረን ኖሮ ሌላ በሽታ ስንፈልግ እንቆይ ነበር። ደግሞ ብልቃጡን ስንሰጥሽ አሰጣጡን ማሳየት የነበረብን እኛ ነን።"

ማዳም ቦርሳዋን አንስታ ወደ መኪናው ወጣች። ማታ መሊካ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ስባ ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች። ግን በማግስቱም ሆነ ከዚያ በኋላ ማንም ውጪ አላላት።

ፉላ ክሊኒኩ ውስጥ ሰነበተች። መድኃኒቱን በደም ሥሯ ይሰጧታል፤ ሳንባዋን የሚከፍት እንፋሎትም ያስተነፍሷታል። ስትሻላት ማዳም መሊካን ይዛ ሄደችና ለቤተል "አስተምሪያት" አለቻት፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ቤተል ድመቷን በፎጣ ጠቀለለቻት፤ ጭንቅላቷ ብቻ ወጣ።

"አሁን አገጯን አታቅኚ። እንደተቀመጠች ፊት ለፊቷን ትይ። ስሪንጁን በአፏ ጥግ፣ ከክራንቻዋ ኋላ አስገቢ። ጥቂት ጠብ አድርጊና ቁሚ።"

"እስከ መቼ?"

"እስክትውጥ። ጉሮሮዋን እዪ። እሷ ሳትውጥ አንቺ አትጨምሪም።"

መሊካ ጥቂት ጠብ አድርጋ ቆመች። ፉላ ምላሷን አወጣች፣ ዋጠች። መሊካ እንደገና ጠብ አደረገችላት። ሽሮፑ ሲያልቅ መሊካ በላብ ተጠምቃ ነበር፤ ቤተል ሳቀች። ኪኒንም አሳየቻት፤ ምላሷ መጨረሻ ላይ አስቀምጦ አፏን መዝጋት፣ ጉሮሮ እንዳያቃጥል በላዩ ውሃ ማስከተል።

ቤት ከተመለሱ በኋላ የመሊካ ዓይን ሌላ ነገር ማየት ጀመረ። ማማ መድኃኒታቸውን ሲወስዱ ሁልጊዜ ይስላሉ። ቤቱ ያሳያት አሰጣጥ ትራሱ ላይ ጋደም አድርጎ በማንኪያ ማፍሰስ ነበር፤ ማማም ማንኪያ ሲያዩ ከንፈራቸውን ይገጥማሉ፤ ልጃቸው ደግሞ "ግትር" ትላቸዋለች።

"ማዳም፣ ሐኪማቸውን ጠይቂልኝ" አለች መሊካ ድፍረቷን ሰብስባ። "ማማ እምቢ የሚሉት እየታነቁ ይመስለኛል።"

ማዳም ትንሽ አየቻትና ደወለች። የመዋጥ ችግር የሚያክም ባለሙያ ቤት ድረስ መጥታ ቀና ብለው እንዲቀመጡ፣ አገጫቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ፣ በደህናው ጎናቸው በኩል በጥቂት በጥቂቱ እንዲሰጣቸው አዘዘች። መሊካ ማማን ደግፋ አስቀመጠችና ማንኪያውን አስጠጋች። ማማ በጥርጣሬ አዩዋት። ከዚያ ከንፈራቸውን ከፈቱ። ሳል አልመጣም። ማዳም በሩ ላይ ቆማ ዓይኗን ስትጠርግ መሊካ እንዳላየች ሆነች።

ማማ ከዚያ በኋላ አንድ ክረምት ኖሩ። ሲያርፉ ፉላ ከማዳም ጋር ቀረች። የመሊካ ውል ሲያልቅ ቤተል ክሊኒኩ እንዲቀጥራት ነገረችላት፤ ማዳምም የመልቀቂያ ወረቀቷን ፈርማ ለቀቀቻት። በር ላይ "እናቴን በትዕግሥት ነው የያዝሽልኝ" ብላ አቀፈቻት፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ።

መሊካ ዛሬ ሻርጃ ቢድ ስፔስ፣ በጋራ ክፍል አንድ አልጋ፣ ተከራይታ ክሊኒኩ ውስጥ እንስሳት በመያዝና ለባለቤቶቻቸው መድኃኒት አሰጣጥ በማሳየት ትሠራለች። በቅርቡ ረመዳን የሚባል የጀበል አሊ መጋዘን ሠራተኛ፣ ከካርቶን መሃል ያገኛትን ግልገል ድመት አቅፎ መጣ። ከባድ ዕቃ ማንሳት የለመደ እጁ ስሪንጁን ከግልገሏ አፍ አርቆ ይዞታል።

"እኔ እንጃ፣ ብገድላትስ?" አላት።

መሊካ እጁን በእጇ ደግፋ ወደ ግልገሏ አፍ ጥግ አስጠጋችው።

"ቀስ በል ወንድሜ። ጠብ አድርግ... ቁም። ትዋጥ። አዎ፣ አሁን ጨምር።"