ጠበሉን የከበበው ስለት

ፈንታነሽ የተሳለችው አርባ ዛፍ ነበር። ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለው የቅዱስ ገብርኤል ጠበል ዳር ተንበርክካ፣ በእቅፏ ያለችው ጨቅላ ትንፋሽ እያጠራት፣ «ሦስት ቀብሬያለሁ። ይህችን ካኖርህልኝ ጠበልህን ዙሪያውን በዛፍ አለብሰዋለሁ» አለች። ልጅቱ ኖረች፤ ወይንእሸት ተባለች። እናቷም ቃሏን አላጠፈችም። በዚያ ዘመን ባሕር ዛፍ የተከለ ሰው አገር እንዳቀና ይቆጠር ነበርና፣ አርባ ችግኝ በጀርባዋ አመላልሳ፣ በገዛ ዶማዋ ቆፍራ ተከለች። አንድም አልደረቀባት።

ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠበልተኛው «የፈንታነሽ ጥላ» እያለ አረፈበት። እሷም ብትሆን እዚያ ስትደርስ ትሕትናዋን ትንሽ ትረሳው ነበር። ግንዶቹን እየዞረች በመዳፏ መታ መታ ታደርጋለች፤ ቆመው ያላደነቁላትን ሰዎች ስም አትረሳም።

ዘንድሮ ግን ጉድ መጣ። በየካቲት ጠበሉ ቀጠነ፤ በመጋቢት መንጠባጠብ ጀመረ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ ጠበልተኛው አንድ ጆግ ለመሙላት ግማሽ ቀን ይቀመጥ ጀመር። በዚህ መሀል ነው ወይንእሸት ለፋሲካ የመጣችው። ሞጣ ውስጥ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ሆና ትሠራለች። ጠበሉን አየች፤ ዛፎቹን አየች፤ ከዚያ እናቷን አየች።

«እምዬ፣ ውሃውን የሚጠጡት ዛፎችሽ ናቸው። ካልተነቀሉ ጠበሉ ይደርቃል።»

«ትከሉ ያሉንም እኮ እንዳንቺ የተማሩ ነበሩ!»

«ባሕር ዛፍ ለማገዶውም ለቤቱም ደግ ነው። ምንጭ ዳር ነው የማይተከለው።»

ፈንታነሽ ግራ ገባት። ግራ መጋባቱስ ባልከፋ፤ ፈራች። ዛፎቹ የቆሙት በዚህች ልጅ ነፍስ ነው። እነሱ ሲነቀሉ እሷስ? ይህን ለልጇ ማውራት ሟርት መስሎ ታያትና ዋጠችው።

ሰበካ ጉባኤው ነገሩን ሰምቶ ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ ብዙ ተከራክረው፣ «ባለ ስለቷ በአፏ ካልለቀቀች ማንም መጥረቢያ አያነሣም» ብለው ጣጣውን መልሰው እሷው ላይ ጣሉት። ብልሆች ናቸው።

ጨንቋት ምልክት ለመነች። ከአርባው ቀጭኑን መርጣ ቆረጠችና፣ «ስለቴን ከፈለግኸው ጉቶው ያቆጥቁጥ፤ ካልፈለግኸው ይድረቅ» አለች። የተቆረጠ ባሕር ዛፍ እንደሚያቆጠቁጥ የማያውቅ የቢቸና ሰው የለም፤ እሷም ጠንቅቃ ታውቃለች። የፈራ ሰው ግን የሚያውቀውንም ይረሳል። ከወር በኋላ ጉቶው አምስት ቀንበጥ አወጣ። እየሮጠች የነፍስ አባቷ ቄስ ሀብተ ሥላሴ ዘንድ ሄደች።

«አባ፣ ምልክቱ ታየኝ! አቆጠቆጠ!»

«ኧረ አንቺ ሴት፣ ይህንንማ ፍየልም ታውቀዋለች» አሉ ቄሱ።

ፈንታነሽ አለቀሰች። «ታዲያ ምን ይሻለኛል? ይንገሩኝ።»

ቄሱ የዝንብ ጭራቸውን አወዛወዙ። «ለቅዱሱ የተሰጠ ነገር አይመለስም። ጠበሉም ሲደርቅ ዝም ተብሎ አይታይም። አርባ ዓመት ስቀድስ እንዲህ ያለ ነገር አልገጠመኝም። ሁለቱን ማስታረቂያውን አላውቅም፣ ልጄ።» እውነታቸውን ነው፤ እሷ ግን ስትመጣ ከነበረው ይልቅ ግራ ተጋብታ ተመለሰች።

ሰኔ ሲገባ ወይንእሸት በባሕር ዛፎቹ ቦታ የሚተከል የብሳናና የሾላ ችግኝ ይዛ ከሞጣ መጣች። እናትና ልጅ አብረው ወደ ጠበሉ ወረዱ። ልጅቱ ያቆጠቆጠውን ጉቶ አይታ፣ «ይህ እንኳ ከሥሩ ይውጣ፣ እምዬ» ብላ ዶማ አነሣች።

«እንዳትነኪው!» ብላ ጮኸች ፈንታነሽ። ዘላ እጇን ያዘቻት።

«ምን ሆነሻል?»

«ያንቺ ስለት ነው። ሦስት ወንድሞችሽን ቀብሬ፣ አንቺም በእጄ ላይ ልትሞቺ ስትይ ነው የተሳልሁት። ብነቅለው አንቺን የሚወስድብኝ ይመስለኛል።»

ወይንእሸት ስለ ሥርና ስለ ውሃ ብዙ ተምራለች። ዶማውን ግን ቀስ ብላ መሬት ላይ አኖረችው። «እንግዲያው ይቅር፣ እምዬ» አለች።

ፈንታነሽ ጠበሉን አየች። የጠብታው ድምፅ እየቆየ እየቆየ ይሰማል። አንዲት ሴት የታመመ ሕፃን ታቅፋ፣ ባዶ ጆግ ከፊቷ አስቀምጣ ትጠብቃለች። ፈንታነሽ ሕፃኑን አይታ ብዙ ቆመች። ከዚያ ዶማውን እሷ አነሣችው።

«ገብርኤል አባቴ» አለች ጮክ ብላ፣ «ንቀይ ያለችኝ ያኖርህልኝ ልጅ ናት። አጥፍቼም እንደሆን ዶማውን የያዝሁት እኔ ነኝ። ቁጣህ በኔ ይሁን፤ እሷን አደራ።»

ልጇን ከኋላዋ ራቅ ብላ እንድትቆም አዘዘቻትና መቆፈር ጀመረች። ሥሩ ጠንካራ ነበርና ብዙ ደከመች። ዶማውን ባሳረፈች ቁጥር ግን ወደ ኋላዋ እየዞረች ወይንእሸት መኖሯን ታይ ነበር።