ለተቆጣጣሪዋ የደረደርኳቸው ልጆች

ሾላ ገበያ ቲማቲምና ሽንኩርት ስቸረችር የኖርኩ ሴት ነኝ። የገበያ ሴት ልጇን የምታስቀምጥበት አታጣም፤ ባዶ ቅርጫት ውስጥ ታስተኛዋለች፣ ወይም በሁለት ጆንያ መሀል ሸጎጥ ታደርገዋለች። ዘወር ካልሽ ከድንቹ ጋር ይመዝኑታል እየተባባልን እንስቅ ነበር።

እንጨት ተሸካሚዋ ጎረቤቴ ግን ይህም አልነበራትም። ጎህ ሳይቀድ እንጦጦ ትወጣለች፣ ጭራሮና ቅጠል ሰብስባ በጀርባዋ ተሸክማ ትወርዳለች። ጀርባዋ የእንጨቱ ስለሆነ ለልጅ ቦታ የለውም። ስለዚህ ገና ድክ ድክ የምትል ልጇን በነጠላ ቅዳጅ ከአልጋው እግር ጋር አስራ፣ በሩን ቆልፋ ትሄዳለች። አንድ ጠዋት በደጃፏ ሳልፍ ልጅቷ ታለቅሳለች። ስመለስ ዝም ብላለች። ለቅሶውን ችዬው ነበር፤ ዝምታዋን ግን አልቻልኩትም። ማታ እናትየውን ጠብቄ፣ «ከነገ ጀምሮ እኔ ጋ አምጫት» አልኳት።

ሌሎችም ሰሙ። ጉልቴን ለእህቴ ለቅቄ ቤት መዋል ጀመርኩ። እናቶቹ ያላቸውን ያመጣሉ፤ አንዷ ሽሮ፣ አንዷ ከሰል። ቤቴ በልጅ ሲሞላ ቀበሌም ሰማና ተጠራሁ።

«ያለ ፈቃድ ሰው ሰብስበሻል አሉ» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«ሕፃናት ናቸው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ሰብስበሻል ወይስ አልሰበሰብሽም?»

«እነሱ ናቸው እኔ ላይ የተሰበሰቡት።»

አልሳቀም። ያኔ በደርግ ጊዜ መሰብሰብ የሚቀለድበት ነገር አልነበረም። ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪ መጥታ እንደምታይ ነገረኝ። ከወደደችው ፈቃዱ በሴቶች ማኅበር ስም ይወጣል፤ ካልወደደችው ቤቱ ይዘጋል፣ ልጆቹም ወደየመጡበት ይመለሳሉ።

«በእኔ ስም አይሆንም?»

«በግል ከፍተሽ ልትበዘብዢያቸው?»

«ምናቸውን፣ ጓድ? ንፍጣቸውን?»

ይህን ጊዜ ጢሙን ዳበስ አደረገ። ለእሱ ሳቅ ማለት ነው።

ቤቱን ኖራ ቀባሁት፤ ሽንት ቤቱን አሳጠብኩ፣ የውሃ በርሜሉን በክዳን ገጠምኩ። ከዚያ ልጆቹን አየኋቸው። የአንዱ አፍንጫ ይፈስሳል፣ የአንዷን ራስ ጭርት በልቶታል። የእንጨት ተሸካሚዋ ልጅ ቁርጭምጭሚት ላይ ደግሞ የእስሩ ምልክት ገና አልጠፋም። ዕድሜዬን ሙሉ ያማረውን ቲማቲም ከላይ፣ የተጨፈለቀውን ከሥር ሳደርግ ኖሬ፣ ያን ቀን ሌላ ዘዴ ከየት ይምጣልኝ? የእኔዎቹን ወደ ጎረቤት ጓሮ ሰደድኳቸው። በምትካቸው የአስተማሪውን፣ የጸሐፊውንና የሾፌሩን ልጆች ተዋስኩ፤ ሁሉም ጫማ ያላቸው፣ ቫዝሊን የጠጡ። በቁመታቸው ደርድሬ ምንጣፍ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሲያበሩ ላየ ሰው መስኮት የጨመርኩ ይመስለዋል።

ተቆጣጣሪዋ ካኪ የለበሰች ቀጭን ሴት ነበረች፤ በታናሽ እህቴ ዕድሜ። ሊቀመንበሩን አስከትላ ግድግዳውን አየች፣ በርሜሉን ከፍታ አሸተተች፣ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። እኔም ተሸጠ ብዬ ነበር። ከዚያ በርከክ ብላ የመጀመሪያውን ልጅ፣ «እናትህ የት ናት?» አለችው።

«ቤት።»

«ያንተስ?» አለች ሁለተኛውን።

«ቤት ልብስ ታጥባለች።»

ሦስተኛዋ በጣቷ አጥሩን አሳየች። እናቷ አንገቷን በአጥሩ ላይ አስግጋ ትመለከተናለች።

ተቆጣጣሪዋ ተነሣች። «ቤቱ ጥሩ ነው፣ እናቴ» አለችኝ። «ግን የሕፃናት ማቆያ የሚፈቀደው እናታቸው ሥራ ስትወጣ ያዥ ለሌላቸው ነው። እነዚህ እርስዎ ዘንድ ምን ይሠራሉ?»

ያማረ ዕቃ ገዢ ሲያሳጣኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ሊቀመንበሩ ጣራውን ያያል።

«የተውሶ ናቸው» አልኩ።

«ምን አሉኝ?»

«የእኔዎቹ ጓሮ ናቸው። አያምሩም ብዬ ነው።»

«ያምጧቸው።»

መጡ፤ ጭቃ ሲያቦኩ ነው የቆዩት። ተቆጣጣሪዋ የእንጨት ተሸካሚዋን ልጅ አነሣቻት፤ ቁርጭምጭሚቷንም አየች። እንዴት ታስራ እንደምትውል ነገርኳት። ሳትደነግጥ ሰማችኝ።

«እናቷ ሥራዋ ምንድነው?»

ጫካው የመንግሥት ነው፤ ጠባቂ የያዛት እንጨቷን ትቀማለች፣ አንዳንዴም ትታሰራለች። «ተራራ ወጥታ ትወርዳለች» አልኩ።

«ገባኝ» አለች፤ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም።

ሊቀመንበሩ ግን ሊወጣ ሲል፣ «የፈቃዱ ወረቀት እስኪመጣ ማንም ልጅ እንዳይገባ» ብሎኝ ሄደ። ክረምቱ ገባ፤ ወረቀቱ አልመጣም። ልጅቷም ወደ አልጋው እግር ተመለሰች። ያን ክረምት ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ከዝናቡ ሥር ለቅሶ እየፈለግሁ ጆሮዬን አቀና ነበር። ነጋዴ ጉዳት መደበቅ ይችልበታል። በር ለማስከፈት ጉዳት ማሳየት እንደሚያስፈልግ ግን ማንም አላስተማረኝም። የሌላ ሰው ልጅን ጠባሳ አሳይቶ ፈቃድ መቀበል ደግ ነው ወይስ ክፉ፣ ዛሬም አልቆረጠልኝም።

ፈቃዱ ክረምቱ ሲወጣ መጣ፤ በማኅበሩ ስም፣ እኔ የልጆቹ ጠባቂ ተብዬ። ሊቀመንበሩ ራሱ ምስማር መትቶ ሰቀለውና፣ «በዝባዥ ሳትሆኚ ቀረሽ» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት እንጨት ተሸካሚዋ ልጇን አምጥታ ደጃፌ ላይ አወረደቻት። ልጅቷ ዘወር ብላም አላየቻት፤ ሮጣ ገብታ ከልጆቹ ጋር ተቀላቀለች። እናትየው ቆመች።

«ምነው፣ ሂጂ እንጂ፤ ነጋብሽ» አልኳት።

«አላለቀሰችም እኮ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ደስ አይልሽም?»

«ይለኛል» አለች። ግን አልተንቀሳቀሰችም። እኔም እንድታያት በሩን ገርበብ አድርጌ ትቼላት ወደ ልጆቹ ገባሁ።