ድንጋይ የሚልከው ወንድሜ

ጓድ ደምሴ እንደገና አስጠራኝ...

ዘመኑ ደርግ ነው። ባሕር ዳር አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ወንድሜ ምሥራቅ ጀርመን የማዕድን ትምህርት ይማራል፤ ደብዳቤ የሚልክልኝ በመሥሪያ ቤታችን ፖስታ ሳጥን ነው። የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ጓድ ደምሴ ሳያየው ደግሞ እጄ የሚገባ ደብዳቤ የለም።

ችግሩ ቴምብሮቹ ናቸው። ሁሌ የድንጋይ ሥዕል! አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ቀይ፣ አንዴ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ።

«የላብ አደር ሥዕል ያለበት ቴምብር ጠፍቶ ነው ድንጋይ የሚለጥፍልሽ?» አለኝ በመጀመሪያው ቀን።

«ጓድ፣ የሚማረው እኮ ስለ ድንጋይ ነው።»

«እሺ፣ አረንጓዴው ምን ማለት ነው? ቀዩስ?»

ደብዳቤውን ሰጥቶኝ ፖስታውን «ለምርመራ» ብሎ አስቀረው። ከዚያ በኋላ የመጡትንም እንደዚያው።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ እህል አልወርድ አላት። «ጻፊለትና መላኩን ይተው አልሁሽ» ትለኛለች። «እሱ ሰው አገር፣ አንቺ እስር ቤት... እኔ ከማን ጋር ልቀር ነው?»

እንደገና ባስጠራኝ ቀን ታዲያ ጓድ ደምሴ ቢሮው ውስጥ አላነጋገረኝም። «ተከተይኝ» ብሎ በጓሮ በኩል ወደ ሐይቁ ዳር ይዞኝ ወረደ። ደንገሉ ጋ ስንደርስ ቆሞ ግራ ቀኙን ቃኘ። ከሩቅ ከምትታይ አንዲት ታንኳ በቀር ማንም የለም። እጁን ወደ ኮቱ ውስጥ ሲሰድ ሽጉጥ ነው ብዬ በሆዴ እመቤቴን ተጣራሁ።

ያወጣው ትንሽ አልበም ነው። ገለጠው... የወንድሜ ድንጋዮች ከፖስታው ላይ ተነስተው በተርታ ተደርድረዋል። አንድ ቦታ ብቻ ባዶ ነው።

«ሰማያዊዋ ጎደለችኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በሚቀጥለው እሷን እንዲለጥፍ ጻፊለት።»

ሳቄና ንዴቴ አንድ ላይ መጡ። ወዲያው ግን ጥርጣሬ ያዘኝ። ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ አዲስ አበባ ላይ ይከፈታል ይባላል። «ሰማያዊዋን ድንጋይ ላክ» ብዬ በእጄ ጽፌ ብገኝ፣ ስለ ቴምብር ነው ብሎ ማን ያምነኛል? ደግሞስ ወጥመዱ ራሱ ይሄ ቢሆንስ?

«ጓድ፣ እርስዎ አንድ መስመር ይጻፉልኝና እኔ ከደብዳቤዬ ጋር እልከዋለሁ» አልኩና እስክሪብቶዬን ዘረጋሁለት።

እስክሪብቶውን አየው። ታንኳዋን አየ። አልበሙን ቀስ ብሎ ወደ ኮቱ መለሰ።

«እኔማ እንዲህ ያለ ነገር በእጄ አልጽፍም» አለኝ። «የሚከፍተው ሰው ምን እንደሚያስብ በምን አውቃለሁ?»

ከዚያ ወዲህ ደብዳቤዎቼ ከነቴምብራቸው ይደርሱኝ ጀመር። ስለዚያ ቀን እሱም አላነሳ፣ እኔም አላነሳሁ።

እኔ እሱን ስፈራ እሱ ማንን ይፈራ እንደነበር ግን... እስከ ዛሬ አላወቅኩም።