በሁለት አዳራሽ መሀል ያለችው ሳጥን

ከሁለት አዳራሽ አባረሩኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ስለሆነ ማስጌጥ አላውቅም፤ አባረሩኝ ነው የምለው።

ነገሩ የሆነው እዚህ ስደት አገር፣ ሌክ ስትሪት ከሚሉት መንገድ ገባ ብሎ ባለ የማዕዘን ቤት ነው። ድሮ አንድ ፈረንጅ የእንግሊዝ መጠጥ ቤት አስመስሎ ሠርቶታል። ግድግዳው ከሥሩ አረንጓዴ ሸክላ የለበሰ ነው፤ በሁለቱ መንገድ ሁለት በር አለው፣ አንዱ ለወዛደር፣ አንዱ ለጌቶች። መሀል ያለው ባንኮኒ ሁለቱንም ያስተናግዳል፤ አዳራሾቹ ግን በጥቁር እንጨትና አበባ በተቀረጸበት መስታወት ስለተከለሉ አይተያዩም። ባንኮኒው ጥግ ደግሞ ሦስት ሰው በግድ የምትይዝ የእንጨት ሳጥን አለች። በር አላት፤ ማዘዣ ትንሽ መስኮትም አላት። ወይዛዝርት ተደብቀው የሚጠጡባት ነበረች አሉ።

ሁለት ሸሪኮች፣ አንዱ የአዲስ አበባ ክርስቲያን፣ አንዱ የወሎ ሙስሊም፣ መጠጡን አስወጥተው ምግብ ቤት ከፈቱበት። እንግሊዝ ሀብታምና ድሃ የለየበት ግድግዳ ለእኛ የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ለየልን።

እኔም ወሎዬ ነኝ፤ አባቴ ሙስሊም፣ እናቴ ክርስቲያን። ወዳጅ በሁለቱም በኩል አለኝ፤ የምፈልገው ከሰው መሀል መቀመጥ ብቻ ነው። አንድ ቀን ሳህኔን ይዤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስሻገር ቤቱ ተንጫጫ።

«ጋሼ፣ ሳህን አያሻግሩ!» አለ ክርስቲያኑ ሸሪክ።

«ሽሮ እኮ ነው! ሽሮ ምን ሃይማኖት አለው?»

«ዛሬ ሽሮ፣ ነገ ክትፎ» አለ ሙስሊሙ። «ከእንግዲህ እዚህች ይቀመጡ።»

ሳጥኗ ውስጥ አስገብቶ እንደ ዶሮ ዘጋብኝ። ከበልግ እስከ መኸር ብቻዬን በላሁ። አላፊ አግዳሚው በመስኮቷ ብቅ እያለ፣ የካቶሊክ ንስሐ ሳጥን ውስጥ እንዳለ ቄስ «አባ፣ ይፍቱኝ!» ይለኛል።

በጥር የቤቱ ማሞቂያ፣ ሂተሩ፣ ተበላሸ። ጣሪያቸው ሰማይ የሚያክል አዳራሾች በረዶ ሆኑ፤ በላተኛው ጓንቱን ሳያወልቅ ጎርሶ ወጣ። የእኔ ሳጥን ግን ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣ ጀርባዋ ከወጥ ቤቱ ምድጃ የተጣበቀ ስለሆነ ትሞቃለች። ተንኳኳ። ክርስቲያኑ ነው።

«ጋሼ፣ ትንሽ ልጠጋ?»

«ሳህን ይዘሃል?»

«ኧረ አልያዝኩም።»

«ግባ።»

ወዲያው ሙስሊሙ መጣ። ጉልበት ለጉልበት ተጋጭተን ተቀመጥን። በመስኮቷ ሽሮ አዘዝኩ፤ ሦስታችንም ከአንድ ትሪ በላን።

«ሽሮ መቼስ ሃይማኖት የለው» አለ ሙስሊሙ፣ ራሱ ያገኘው ይመስል።

ሂተሩ ተሠርቶ ማጉረምረም ጀመረ። ሁለቱም አልተነሱም።

«ጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ በፈለጉት አዳራሽ ይቀመጡ» አለ ክርስቲያኑ እየጎረሰ።

«አዳራሻችሁን አልፈልግም። እናንተ ግን እንዳትነሱ፣ ትሪው አላለቀም።»

ጥር 14 ቀን 1987 ዓ.ም.