ካሚዮኑን አንተ እይልኝ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ጌታ ይባረክ! ዛሬ እኔም አፌን ልከፍት ነው። ልመሰክር ልመሰክር ስል ብዙ ሰንበቻለሁ፤ ግን እዚህ የሚነሳ ሰው ሁሉ ደስ የሚል ነገር ይዞ ስለሚነሳ አፍሬ ቁጭ እላለሁ። ባለፈው ወንድማችን የታሰረ እግሩ ተፈቶለት ቆሞ ሄደ፤ ስሙ ይክበር። የኔ ግን ተገላቢጦሽ ነው። እኔን ጌታ ያዳነኝ ከመሮጥ ነው። አትሳቁ። በር አጠገብ ያላችሁ እባካችሁ በሩን ግጠሙት፤ ስናደድ ድምፄ ይጨምራል፣ ባንዳ ደግሞ ጆሮው ረጅም ነው።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። የተሰማ ሚስት ነኝ፤ ቤቴ ከዚህ ከጀውሃ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲሄዱ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ነው። ጣሊያን በገባ ጊዜ ተሰማ ወታደር እንዳይወስድብን ብሎ የዓመቱን ማሽላ ቀበረው። ጉድጓዱን በረቱ ውስጥ፣ ከብቶቹ ከሚተኙበት ሥር ቆፈረው። ውስጡን በእሳት አተኮሰ፣ በጭድና በእበት ለቀለቀ፣ ማሽላውን ሞላ፣ አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ከድኖ በጭቃ መረገው። የቆላ ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ ከደጋ ለመጣችሁ ልንገራችሁ። የማሽላ ጉድጓድ አየርና ውኃ ካልገባው ዓመት አልፎ ዓመት ይቆያል። አንዴ ከተነካ ግን በቶሎ ወጥቶ ማለቅ አለበት። ተሰማም ይህንኑ ደጋግሞ ነግሮኛል።

«ስትከፍቺው ጨርሰሽ አውጪው» አለኝ። «አየት አድርጌ ልመልሰው የሚባል ነገር የለም።»

ከዚያ በገበያ ቀን ጨው ሊገዛ ሮቢት ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ወታደሮቹ ገበያውን ከበው ጉልበት ያለውን ወንድ ሁሉ ካሚዮን ላይ ጫኑት። ጣርማ በር ላይ ተራራ ሊፈለፍሉ ነው፣ መኪና በተራራው ሆድ ውስጥ ሊያልፍ ነው ተባለ። ለኔ ምን ሊረባኝ! ቢፈልግ በሰማይ ይለፍ። ባሌን ወሰዱብኝ፤ ጨውም ሳንበላ ቀረን።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጭንቀት ቤቴ ገብቶ ጎጆ ወጣ። የካሚዮን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እሮጣለሁ። ሊጥ እያቦካሁ ከሆነ በሊጥ እጄ እሮጣለሁ። ማሽላ የምጠብቅ ከሆነ ከማማው ዘልዬ እሮጣለሁ፤ ወፉ ከኋላዬ ማሳው ላይ ይወርድበታል። መንገድ ዳር ቆሜ የተጫነውን ሰው ፊት አንድ በአንድ አያለሁ፣ አቧራዬን ጠጥቼ እመለሳለሁ። እግሬ ከሐሳቤ ቀድሞ ነበር የሚነሳው። የነጠላዬን ጫፍ እያኘክሁ ጥለቱን ጨረስኩት። ልጄ አስካለ «እማዬ፣ ነጠላሽን በላሽው እኮ» ትለኛለች፤ እኔ ማኘኬንም አላውቅም ነበር።

የባሰው ግን ጉድጓዱ ነው። ከመንገድ ሠራተኞች መኪና ላይ የወደቀ ፌሮ አገኘሁ፤ ረጅም ቀጭን ብረት። ማሽላውን ሰረቁት ይሆን? ባንዳ ደረሰበት ይሆን? ነቅዞ ይሆን? ይህ ሐሳብ ሲበላኝ ያድርና ጠዋት ከብቶቹን ሳወጣ ፌሮውን ከክዳኑ ጎን አስገብቼ እወጋለሁ። ማሽላው ውስጥ ሲሰምጥ እጄ ላይ ይሰማኛል። አውጥቼ ጫፉን አሸታለሁ። ደህና ነው! ቀዳዳውን በጭቃ እደፍናለሁ። ከሰዓት ደግሞ ሐሳቡ ይመለሳል፣ ደግሞ እወጋለሁ፣ ደግሞ አሸታለሁ። አልከፈትኩትም እኮ እላለሁ ለራሴ፤ ተሰማ አትክፈቺው አለኝ እንጂ አትውጊው አላለኝም። ጭንቀት እንዲህ ነው ወገኖቼ፤ ጠበቃ አያጣም።

ክረምቱ ገባ። ውኃው በፌሮ ባበጀሁለት ቀዳዳ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ። ማጀት ያለው እህል ሲያልቅ ጉድጓዱን እንዲከፍቱልኝ ጎረቤታችንን ጋሼ ይማምን ጠራኋቸው። «ቢስሚላህ» ብለው ድንጋዩን አነሱት። የታፈነ ጉድጓድ ትንፋሹ ሰው ስለሚገድል ወዲያው አይገባበትም፤ እስኪተነፍስ ዳር ቁጭ አልን። ግን ገና ሳይገቡ ሽታው ነግሯቸው ነበር። በኋላ ወርደው ከላዩ ዘግነው አወጡልኝ፤ ጥቁር፣ የተጋገረ፣ እንደ ፍግ የሚያተኩስ ነገር። ከታች ያለውም ያው ነበር። ጋሼ ይማም ቀዳዳዎቹን አዩ፤ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ፌሮ አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ያ ረቢ! አንቺ ልጅ፣ ጣሊያን እኮ አልደረሰበትም ነበር» አሉኝ። «የደረስሽበት አንቺ ነሽ።»

ይህች ቃል እስከ ዛሬ ትመረኛለች። ውሸት ብትሆን እረሳት ነበር።

የሚበላ ጠፋ። አስካለን ክረምቱ እስኪያልፍ ብዬ ደብረ ሲና ለተሰማ እህት ሰጠኋት። ስትሄድ አላለቀሰችም። ፊቷን ወደምትሄድበት አህያ አዙራ «ማሽላውን ባትወጊው ኖሮ አልሄድም ነበር» አለችኝ። ልጅ ናት ብዬ እንዳላልፈው እውነት ነው የተናገረችው። እኔም የሰው እህል እየፈጨሁ በሚሰጡኝ ዱቄት መኖር ጀመርኩ።

አንድ ቀን ወፍጮ ላይ ሳለሁ የካሚዮን ድምፅ መጣ። እግሬ ተነሳ፤ የምፈጭበትን ድንጋይ፣ መጁን፣ ሳላስቀምጥ ለቅቄው ኖሮ ጣቴ ላይ ወረደ። ጥፍሬ ተነቀለ። እኔ ግን እየደማሁ መንገዱ ድረስ ሮጥኩ። ታዲያ ካሚዮኑ ምን ጭኖ ነበር? ሲሚንቶ! ለሲሚንቶ ደማሁ፣ ወንድሞቼ! ቁስሉ አመረቀዘ፣ እጄ እስከ ክንዴ አበጠ። ጋሼ ይማም አይተው «ጀውሃ ያለችው ቁስል አጣቢ ዘንድ ሂጂ፤ ወላሂ ይህ እጅ ይቆረጣል» አሉኝ።

ቁስል አጣቢዋ እኚሁ እትዬ በለጡ ናቸው። አንገታቸውን ቢደፉም እናገራለሁ። ደሴ በፈረንጆች ሐኪም ቤት ሲሠሩ ኖረው፣ ፈረንጆቹ በጦርነቱ ሲሄዱ እሳቸው የጌታን ቃል በልባቸው ይዘው እዚህ ወንድማቸው ዘንድ መጡ። እንደተቀመጥኩ መከራዬን ዘረገፍኩላቸው። እሳቸውም ጌታ የሰማይ ወፎችን እንደሚመግብ ነገሩኝ።

«እትዬ፣ ወፎቹንማ አውቃቸዋለሁ» አልኳቸው። «የሚመግባቸው በኔ ማሽላ ነው።»

አልተቆጡም። ሳቁ። ከዚያ ለብ ያለ የጨው ውኃ በሳህን አቀረቡና «በይ፣ ራስሽ እጠቢው» አሉኝ። «የምታደርጊውን ለጌታ እየነገርሽ እጠቢው። ጨርቁን አነሳሁ በይ። ነከርኩት በይ።»

«ምን ዓይነት ጸሎት ነው ይሄ? እሱ አያይም?»

«እሱማ ያያል። የማታይው አንቺ ነሽ።»

«ባሌን ይመልስልኛል?»

«አላውቅም ልጄ።»

ይህ መልስ አናደደኝ፤ ተናድጄ ግን አልቀረሁም። ከጠየቅኋቸው ሰዎች ሁሉ አላውቅም ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሌላው «ይመጣል፣ አይዞሽ» ብሎኝ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል።

በየጠዋቱ እየሄድኩ እጄን ማጠብ ጀመርኩ። አንድ ጠዋት ጨርቁን እንደያዝኩ ካሚዮን ከወንዙ በኩል አጓራ። እግሬ ተነሳ። እትዬ በለጡ ቀና ሳይሉ «ቁስሉን ጨርሺ» አሉኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ድምፁ ቀረበ። ያኔ ነው ከየት እንደመጣ የማላውቀው ጸሎት ከአፌ የወጣው። «ጌታ ሆይ፣ ካሚዮኑን አንተ እይልኝ፤ እኔ እጄን ልጠብ!» አልኩ። ካሚዮኑ አለፈ። ሳላየው አለፈ! ሰማይም አልተደፋም። እጄን ውኃው ውስጥ ነክሬ አለቀስኩ፤ ለጌታ የተሰጠሁት በዚያ ሳህን ላይ ነው። ሃሌ ሉያ!

እጄ ዳነ፤ ይኸው ጥፍሩ ጠማማ ሆኖ በቅሏል። ልማዴ ግን ባንድ ቀን አልተነቀለም። ጠዋት ስነሳ ወደ መንገዱ ከማየቴ በፊት ፊቴን እታጠባለሁ፤ ውኃው ቀዝቃዛ ነው፣ ተመስገን እላለሁ። ስፈጭ ድንጋዩን፣ ስለቅም ማሽላዋን አያለሁ። ሐሳቤ ጣርማ በር ሲወጣ ጎትቼ እመልሰዋለሁ፤ ደግሞ ይሄዳል፣ ደግሞ እመልሰዋለሁ። እትዬ በለጡ «ጭንቀትሽን ሰዓት ስጪው» ባሉኝ መሠረት ፀሐይ ስትጠልቅ ደፍ ላይ ቁጭ ብዬ የሚያስፈራኝን ሁሉ ለጌታ አወራለሁ። አንዳንዴም እጣላዋለሁ። ከዚያ ከብቶቹን አስገብቼ በሩን እዘጋለሁ። ፌሮውን መሬት ተክዬው የጥጃ ማሰሪያ ሆኗል።

እንዲህ ስኖር፣ ከተሰማ ጋር የተወሰደ አንድ የሮቢት ሰው ተለቆ መጣ። ደጄ ላይ ማሽላ ስለቅም ነበር። መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ተራራው ተናደበት» አለኝ። «ክረምቱ ሳይገባ ነው። እዚያው ቀበርነው።»

ክረምቱ ሳይገባ! ያኔ እኮ ገና እየሮጥኩ ነበር። ልጄ ገና ቤቴ ነበረች።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኩት።

«ድንጋይ ልናመጣ በካሚዮን ስናልፍ መንገድ ዳር ቆመሽ እናይሽ ነበር፣ እቴ» አለኝና ዓይኑን ሰበረ። «ማን ይንገራት ተባባልን። ካሚዮኑ ደግሞ አይቆምም።»

ወገኖቼ፣ እኔ የነሱን ፊት አንድ በአንድ ሳይ እነሱም እኔን እያዩ አለፉ። ይህን ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል። ጣሊያንን ይቅር በይ የምትሉኝ ትንሽ ታገሱኝ፤ ገና ነኝ። ጌታንም «ይህን ሁሉ ጊዜ ታውቅ ነበር!» ብዬ ጮኼበታለሁ። ያን ምሽት ደፉ ላይ ሳለሁ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ካሚዮኑን እይልኝ ብዬው ነበር፤ አይቶልኛል። ተሰማ እዚያ ላይ እንደሌለ አይቶ ነው ቁጭ በይ ያለኝ። ስሙ ይባረክ! እየመረረኝ እላለሁ፤ ስሙ ይባረክ!

ዘንድሮ ከማማው ሳልወርድ ማሳዬን ጠበቅሁ። ጋሼ ይማም ጉድጓዱን አድሰውልኝ፣ ሞልተን፣ አፉን አብረን መረግነው። ክረምቱ አልፎም ደብረ ሲና የቀረችውን ልጄን ልጠይቅ ስሄድ፣ አስካለ ሰላም ሳትለኝ በፊት «ወጋሽው?» ትለኛለች። «አልወጋሁትም» እላታለሁ። «ሲከፈት እመጣና በዓይኔ አያለሁ» ትላለች። መብቷ ነው። እኔም ምን እንዳለበት አላውቅም፤ አለማወቁ አሁንም ያሳክከኛል።

ሐምሌ ሲገባ እንከፍተዋለን። ልጄ ትመጣለች። እናንተም ከረጢት ይዛችሁ ኑ፤ ደህና ከወጣ ባዶ እጁን የሚመለስ የለም። ከተበላሸም ኑ፤ ብቻዬን እንዳላየው። ጌታን እመኑት የምላችሁ የለመናችሁትን ሁሉ ይሰጣል ብዬ አይደለም፤ እኔ ባሌን ለምኜ ባሌን አልሰጠኝም። እመኑት የምላችሁ እኛ ማየት የማንችለውን እሱ ስለሚያይልን ነው።

ቆዩ... ሰማችሁ? ካሚዮን ነው፤ ከጣርማ በር በኩል ነው የሚመጣው። እግሬን እዩት፤ አልዋሽም፣ ጣቱ ተነቃንቋል። ጌታ ሆይ፣ አንተ እይልኝ። እኔ ምስክርነቴን ልጨርስ።