ያላነበብኩለት ወረቀት

ዛሬ ሳን ሆዜ ቤቴ የደረሰኝን የምርጫ ፖስታ ስከፍት የኮሮና ወረርሽኝ ዓመት ትዝ አለኝ። ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የምንኖረውም ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል ሰፈር ነበር። በስልክ አፕ እየተጠራ ሰው የሚያመላልሰው አባዬ ዜግነት አግኝቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመርጥ ነው። እጁን በሳኒታይዘር አሽቶ፣ በፖስታ የመጣለትን የድምፅ መስጫ ወረቀት ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ወረቀቱ ላይ ከተመራጮቹ ሌላ ሕዝቡ «ይስ» ወይም «ኖ» የሚልባቸው የሕግ ሐሳቦችም ነበሩ።

«ይሄኛው ሕግ ስለ እኛ ስለ ሾፌሮች ነው አሉ። አንብቢና በአማርኛ ንገሪኝ።»

ጽሑፉ ረጅም ነበር፤ እኔ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ቴክስት እያደረግኩ ነበር። አንድ መስመር እንኳ ሳላነብ፣ «ይስ በል አባዬ፣ ጥሩ ነው» አልኩት። አምኖኝ «ይስ» ከሚለው አጠገብ ያለውን ክብ በጥንቃቄ አጠቆረ።

አብረን ሄደን ፖስታውን መንገድ ዳር ያለው የድምፅ መሰብሰቢያ ሳጥን ውስጥ ከትቶ ሲጨርስ፣ ከኋላችን ለቆሙት አዛውንት ጎረቤታችን፣ «ልጄ አንድም ሳታስቀር አነበበችልኝ» አላቸው።

«እሰይ! እንዳንቺ ያለውን ያብዛልን» ብለው መረቁኝ።

መሬት መሬት እያየሁ «አሜን» አልኩ። እውነቱን ለአባዬ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።