ማማው ግን ቆሟል

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። አገር ቤት ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለሟች ልጅ ወይም ለእህቱ አይደለም፤ ለሌላ ዘመድ ነው። ያ ዘመድ ምስጢሩን በሆዱ ይዞ ሽማግሌ ያሰባስባል፣ ቀን ይቆርጣል፣ ከዚያ አንድ ማለዳ በር ይንኳኳል። እስከዚያ ድረስ ሐዘንተኛው እንዳይጠረጥር መዋሸት ግድ ነው። በጣም ቀላሉ ውሸት ደግሞ "ኔትወርክ የለም" የሚለው ነው።

ይህን ውሸት እኔም ዋሽቻለሁ። እዚህ ገዴራ ከተማ የምትኖረው አክስቴ፣ የእናቴ እህት፣ አገር ቤት ያለ ወንድሟ ሲሞት የተደወለው ለእኔ ነበር። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ደበቅኳት። "ስልኩን ለምን አያነሳም?" ስትለኝ፣ "ኔትወርክ የለም፣ አታስቢ" እያልኩ ወጥ ቤቷ ውስጥ ሽንኩርት እከትፍላት ነበር። እንባዬን በሽንኩርቱ አሳበብኩ። በመጨረሻው ቀን ማለዳ ደወልኩና ቤት መኖሯን አረጋግጬ ሽማግሌዎቹን ይዤ ሄድኩ።

እኔ ወደዚህ ስመጣ አባቴ እንዲገቡ በተፈቀደላቸው አይሁዶች ስም ዝርዝር ውስጥ አልገባም ተብሎ ጎንደር ገጠር ቀረ። ያኔ መንደሩ ስልክ አልነበረውም። ድምፁን ለመስማት በነጋዴ መልእክት እልክ ነበር፤ እሱም ግማሽ ቀን ተጉዞ ከተማ ይወርድና አንድ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ይጠብቀኛል። በሁለት ወር አንዴ ብናወራ ነው። የሚገርመው ያን ጊዜ አልፈራም ነበር። ሁለት ወር ዝም ማለት ያው የተለመደ ዝምታ ነበር።

ፍርሃቱ የመጣው ከማማው ጋር ነው። ከመንደሩ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የስልክ ማማ ተተከለ፣ ታናሽ እህቴ ስልክ ገዛች፣ ቀጥሎም ኢንተርኔቱ ገባ። አባቴ በቀን ሁለቴ ይደውል ጀመር። ስልኩን አፍንጫው ላይ ስለሚለጥፈው የማየው የጢሙን ግማሽ ብቻ ነው። "አባዬ፣ ራቅ አድርገው እንጂ!" ብዬ እጮኻለሁ። እሱ ይስቃል። ከልጅነቴ ጀምሮ ቁጡ ነኝ፤ እሱም ሆን ብሎ ይተነኩሰኝ ነበር። እንዲህ በቀን ሁለቴ ድምፁን የለመደ ሰው አንድ ቀን ሲያልፈው ምን እንደሚሆን እኔ አውቀዋለሁ። እጁ ሥራ ይጠላል።

ከዚያ ያገሩ ነገር ደፈረሰ። መጀመሪያ ኢንተርኔቱ ተዘጋ፣ ቀጥሎ ስልኩም ተቋረጠ። ከመቋረጡ በፊት ከእህቴ የመጣው የመጨረሻ መልእክት እንዲህ ይላል፤ "ደህና ነን። ኔትወርክ የለም። አታስቢ።"

ደግሜ አነበብኩት። ለአክስቴ የነገርኳት ቃል ነው፤ አንዲት ፊደል አልጎደለም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ቤኤር ቱቪያ በሚገኝ መጋዘን ውስጥ ካርቶን አሽጋለሁ፤ ስልኬን በሽርጤ ኪስ አድርጌ በየደቂቃው እነካዋለሁ። አንድ ካርቶን ሦስት ጊዜ ፕላስተር አዙሬበት አለቃዬ በዕብራይስጥ "ማ ካራ? ምን ሆነሻል?" አለኝ። "ቤሰደር፣ ቤሰደር" አልኩት፤ ሁሉ ደህና ነው ማለቴ ነው። ምኑ ነው ቤሰደር! በዚያው ሰሞን እዚህም የሮኬት ማስጠንቀቂያ እየጮኸ ወደ ማማድ እንሮጥ ነበር፤ ማማድ በየቤቱ ያለው የብረት በር የተገጠመለት የኮንክሪት ክፍል ነው። እውነቴን ነው የምለው፣ ከሮኬቱ ይልቅ የፈራሁት ያንን ዝም ያለ ስልክ ነው።

ሐሙስ ዕለት ስልኬ ጠራ፤ አክስቴ ናት። ቤት መኖሬን ልታረጋግጥ ነው! አላነሳሁም። ደጋግማ ደወለች፤ ስልኩን ትራስ ስር ቀበርኩት። ማታ ለባሌ እንኳ አልነገርኩትም።

ዓርብ ማለዳ ባሌ ሥራ፣ ልጆቼ ትምህርት ቤት ሄደው ብቻዬን ነበርኩ። በመስኮት ቁልቁል ሳይ ከሕንፃችን በር ላይ መኪና ቆመ። ሾፌሩን አወቅኳቸው፤ ያቭነ ከተማ የሚኖሩ፣ በየለቅሶው የማይጠፉ ሽማግሌ ናቸው። ከጎናቸው ሌላ ሽማግሌ ወረዱ። ከኋላ አክስቴ ነጠላዋን ለብሳ ወረደች። ሐዘን ሲሆን ነጠላ ይዘቀዘቃል፣ ጥለቱ ወደ ላይ ይሆናል። ዓይኔን አፍጥጬ ባይም ከሦስተኛ ፎቅ ጥለቱ አልለይ አለኝ።

ሮጬ የልጆቼ መኝታ ወደሆነው ማማድ ገባሁና የብረቱን በር ዘጋሁ። የአርባ ዓመት ሴት፣ የሦስት ልጆች እናት፣ የልጆቼ አልጋ ጥግ ተኮራምቼ ተቀመጥኩ። በሩን ካልከፈትኩላቸው አይነግሩኝም፤ ካልነገሩኝ ደግሞ አባቴ አልሞተም። ያኔ የታየኝ ይኸው ብቻ ነበር።

ተንኳኳ። እንደገና ተንኳኳ። ስልኬ ሳሎን ውስጥ ይጮኻል። ሽማግሌው "ስልኳ እኮ ውስጥ ነው የሚጠራው" ሲሉ በብረቱ በር ውስጥ አልፎ ተሰማኝ።

ከዚያ አክስቴ እሪ አለች። "ወይኔ ልጄ! እኔን! እኔን! ዘግይተን ደረስን!"

አባቴን ነው ብዬ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። ግን ልቅሶዋ አልገጠመልኝም፤ አባቴን እሷ "ልጄ" አትለውም። ሽማግሌው "ያላ፣ በሉ፣ ፖሊስ እንጥራና በሩ ይሰበር፤ ሴትዮዋ ውስጥ ወድቃ ይሆናል" አሉ።

ሮጬ ከፈትኩ። አክስቴ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አገላብጣ አየችኝና ጉንጬን በጥፊ አጮለችኝ።

"አለሽ? አለሽና ነው ስልክ የማታነሺ?"

"አባቴ መቼ ሞተ?" አልኳት።

"አባትሽማ አንቺን እያለቀሰ ነው!"

ሳሎን አስቀምጠው ነገሩኝ። አባቴ እዚህ ሮኬት እንደሚወርድ በሬዲዮ ሰምቷል። በዚያው ሰሞን የእኔ ድምፅ ጠፋበት። እህቴን ሲጠይቃት "ኔትወርክ የለም" አለችው። እውነቷን ነበር። እሱ ግን በሽምግልናው ስንቱን ሐዘንተኛ በዚሁ ቃል ሸፍኗል፤ አላመናትም። ምርኩዙን ይዞ ኮረብታውን ወጣ። ማማው አልወደቀም፣ አልተቃጠለም። ወርዶም "ማማው ግን ቆሟል። ዋሽታችሁኛል። ልጄ ሞታለች" ብሎ ለቅሶ ተቀመጠ። ማን ያስረዳው? እህቴ የምታደርገው ጠፍቷት ስልክና ኢንተርኔት ወደሚሠራበት ጎንደር ከተማ ወጣች፤ እኔ ሞቼ ከሆነ የምትሰማውን ፈርታም በእኔ ፋንታ ለአክስቴ ደወለች። አክስቴ ስትደውልልኝ እኔ ትራስ ስር ቀብሬያታለሁ፤ እሷም ክፉ ጠርጥራ ሽማግሌዎቹን ይዛ መጣች።

እህቴ ገና ከተማው ውስጥ ስለነበረች ደወልንላት። ለአባቴ የሚሆን ድምፅ ቀድቼ በኢንተርኔት ላክሁላት፤ "አባዬ፣ ደህና ነኝ፣ ልጆቹም ደህና ናቸው" የሚል። መልእክቱ ከእኔ ቤት ጎንደር ለመድረስ ዓይን እስኪርገበገብ አልፈጀበትም። ከጎንደር መንደሩ ግን እህቴ ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በእግሯ ይዛው መሄድ ነበረባት።

አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። መንገዱ ላይ ተኩስ አለ ሲባል እሰማለሁ። አሁን ደግሞ የምፈራው ለሁለት ሰው ሆነ። አክስቴ እንዳልታመም ብላ እኔ ጋ ሰነበተች። አንድ ጊዜ ወጥ ቤት ውስጥ "ያን ዘጠኝ ቀን ይቅር በይኝ" አልኳት። "ያኔም አልተኛሁም እኮ፣ ልጄ" አለችኝ። አውቃ ነበር ማለት ነው፤ ወይም እንደኔ ፈርታ ዝም ብላለች።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ መጋዘን ሳለሁ ስልኬ ጠራ። የእህቴ ቁጥር ነው። አሁን ግን አነሳሁት።

"ቅጂውን አላምን አለ" አለችኝ ትንፋሽ አጥሯት። "'የቆየ ድምፅ ነው፣ የሞተም ሰው ስልክ ውስጥ ይናገራል' አለና እምቢ አለ። ራሱ ካልሰማ አይሆንም ብሎ ይኸው ከተማ ድረስ አብሮኝ መጣ፤ ሱቅ ውስጥ ነን።"

ስልኩን ሰጠችው። ትንፋሹ ተሰማኝ። በዚህ ሁሉ መንገድ፣ በዚያ ዕድሜው!

"ማነሽ?" አለ።

"እኔ ነኝ፣ አባዬ።"

ቀስ ብዬ፣ እያባበልኩ፣ ደህና መሆኔን ነገርኩት።

"አይደለችም" አለ ለእህቴ። "እንዲህ የምትለሰልስ ልጅ የለችኝም። የሰው ድምፅ ነው ያመጣችሁልኝ።" ስልኩን ሊመልስላት ሲል ሰማሁት።

ያኔ ደሜ ፈላ። "አባዬ! እየተተኮሰ በምርኩዝ መንገድ ውጣ ያለህ ማነው? ብትሞትብኝስ? ደግሞ ያን ስልክ ከአፍንጫህ ላይ አንሳው፣ የማትሰማኝ ለዚያ ነው!"

መጋዘኑ በሙሉ ዞሮ አየኝ። በዚያ በኩል አባቴ ሱቅ ውስጥ ላሉት ሰዎች ሁሉ ሲጮኽ ተሰማኝ።

"አለች! ልጄ አለች! ስሙ፣ እየተቆጣችኝ ነው!"

እኔ ግን ገና አልጨረስኩም ነበር። እያለቀስኩ ቁጣዬን ቀጠልኩ።